በደጋ ቤት የኮራል አኳሪየም ፒኤች ሲወርድ እንዴት ይስተካከላል?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ጥቅምት ሲገባ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ በርና መስኮት ይዘጋል፣ ከሰል ይያያዛል፣ ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባል። በእንዲህ ያለ ቤት የጨው ውሃ አኳሪየም ያለው ሰው ማለዳ ፒኤቹን (የውሃውን አሲድነት የሚያሳየውን ቁጥር፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ለክቶ 7.7 ቢያገኝ አይደንቀኝም። የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ነው። ፒኤች ያነሣል የተባለ ጠርሙስ ይገዛና ይጨመራል፤ ቁጥሩ ለጥቂት ሰዓት ወጥቶ ይመለሳል፤ እንደገና ይጨመራል። ኮራሎቹ ግን በዚህ መውጣትና መውረድ ይጎዳሉ። ብዙውን ጊዜ መታከም ያለበት የክፍሉ አየር ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ካርቦኒክ አሲድ ይፈጥራል፤ ፒኤችን የሚያወርደው ይህ ነው። በደጅ አየር ውስጥ ከሚሊዮን እጅ 420 ገደማ ሲሆን፣ ሰው በሞላበት ዝግ ክፍል ውስጥ ከ1,000 በላይ መድረሱ የተለመደ ነው። ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ስለሆነ፣ ፒኤች በወረደ ቁጥር የሚያገኘው ካርቦኔት ያንሳል፣ እድገቱም ይዘገያል።

መጀመሪያ ቁጥሩን ያረጋግጡ

ኤሌክትሮኒክ መለኪያውን በፒኤች 7 እና 10 ማስተካከያ ፈሳሾች ያስተካክሉ። ቀጥሎም በቀን ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ አንዴ ማለዳ መብራቱ ከመብራቱ በፊት፣ አንዴ ማታ ከመጥፋቱ በፊት። ቀን ላይ አልጌውና ኮራሉ በብርሃን ኃይል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይጠቀሙበታል፤ ሌሊት ግን ሁሉም ይተነፍሳል። ስለዚህ የማለዳው ቁጥር ዝቅ ማለቱ ተፈጥሯዊ ነው። ከ7.8 እስከ 8.4 ባለው ውስጥ እስከሆነ ድረስ መጨነቅ አያስፈልግም። በየቀኑ ከ7.9 እስከ 8.1 የሚመላለስ የተረጋጋ ውሃ፣ በኬሚካል ተገፍቶ 8.3 ከሚደርስ ውሃ እጅግ ይሻላል።

አልካሊኒቲውንም፣ ማለትም ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙን፣ ይለኩ። ከ7 እስከ 11 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ) መሆን አለበት፤ ከ7 በታች ከሆነ አየሩ ቢስተካከልም ፒኤቹ በቂ ከፍታ ላይ አይደርስም።

የብርጭቆው ሙከራ

ይህን ሙከራ ሳያደርጉ ምንም ነገር አይግዙ። ከአኳሪየሙ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀድተው ፒኤቹን ይመዝግቡ። አንዱን ደጅ አውጥተው በትንሽ የአየር ፓምፕ ለአንድ ሰዓት አየር ይንፉበት፤ ሁለተኛውን አኳሪየሙ ባለበት ክፍል ውስጥ እንዲሁ ያድርጉ። ቅዝቃዜ ንባቡን ስለሚያዛባ ቀትር ላይ ይሥሩት፤ ሁለቱም ብርጭቆዎች ወደ አንድ ሙቀት ከተመለሱ በኋላ ይለኩ።

የደጁ ብቻ ከጨመረ ችግሩ የክፍሉ አየር ነው። ሁለቱም ከጨመሩ የክፍሉ አየር ደህና ነው፤ ውሃው ግን በበቂ ሁኔታ ከአየር ጋር አይገናኝም። በዚህ ጊዜ የአኳሪየሙን ውሃ የሚያዘዋውረውን ፓምፕ አፍ ወደ ውሃው ገጽ ያዙሩ፣ ስኪመሩን (በአየር አረፋ ከውሃው ቆሻሻ የሚያወጣውን መሣሪያ) ያጽዱ፣ ክዳን ካለ ያንሡ። ሁለቱም ካልጨመሩ ወደ አልካሊኒቲው ይመለሱ።

አየሩን ማስተካከል

ከሰሉን ከክፍሉ ያውጡ። ቡና ሲፈላ አቦሉ ላይ 8.0 ያሳይ የነበረ መለኪያ በረካ ሳይደርስ ሲያሽቆለቁል አይቻለሁ። በዝግ ቤት የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድም ያወጣል፤ እሱ ሰው ይገድላልና ይህን ምክር ለዓሣና ለኮራል ብቻ ብለው አይመልከቱት።

መስኮት መክፈት ፈጣኑ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን በውርጭ ሌሊት ውሃውን ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ለመጠበቅ ማሞቂያው ይቸገራል። እኔ የምመርጠው የስኪመሩን የአየር መሳቢያ በላስቲክ ቱቦ ከደጅ ጋር ማገናኘት ነው። ቱቦውን በመስኮቱ ጠርዝ አሳልፈው አፉን ወደ መሬት ያዙሩት፤ ዝናብና ነፍሳት እንዳይገቡ በወንፊት ይሸፍኑት፤ ከማድ ቤት ጭስና ከጄኔሬተር ያርቁት። ቱቦው ከረዘመ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ጠባብ ከሆነ ስኪመሩ አየር ያጥረዋል። በከፍታችን የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሰባት አሥረኛ ገደማ ነው። የደጃችን አየር ውሃው ላይ የሚያሳርፈው ካርቦን ዳይኦክሳይድም በዚያው ልክ ያነሰ ስለሆነ ደጋው ፒኤችን ለማንሣት ያግዘናል። ኦክስጅኑም እንዲሁ ስለሚያንስ የውሃው ገጽ ሁልጊዜ መናወጥ አለበት።

ኬሚካል የሚያስፈልግ ከሆነ

አልካሊኒቲው ዝቅ ካለ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል። ቤኪንግ ፓውደር ግን ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ አሲድና ስታርች አለበት። ሶዳውን በትሪ ዘርግተው በ200 ዲግሪ ምድጃ ለአንድ ሰዓት ያህል ቢጋግሩት ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ይለወጥና ፒኤችንም ያነሣል፤ ሳይጋገር ከተጨመረ ፒኤቹን ለጊዜው ትንሽ ያወርደዋል። ለ100 ሊትር ውሃ 2 ግራም ያህል የተጋገረው ሶዳ አልካሊኒቲውን በ1 ዲኬኤች ከፍ ያደርጋል። በቀን ከዚህ አይለፉ፤ በንጹሕ ውሃ በጥብጠው ቀስ ብለው ያፍስሱ።

ሌላው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 1.5 ግራም። ካጠለለ በኋላ ከላይ ያለውን ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ በተነነው ውሃ ምትክ ሌሊት ጠብ ጠብ እያሉ ይጨምሩ። የዚህ ፈሳሽ ፒኤች 12 ስለሚያልፍ ጓንትና መነጽር ያድርጉ፤ በአንድ ጊዜ ከተደፋ አኳሪየሙን ሊጨርሰው ይችላል። ለግንባታ የሚሸጠውን ኖራ በዚህ ምትክ አይጠቀሙ፤ የተቀላቀለበት ባዕድ ነገር ለኮራል መርዝ ሊሆን ይችላል።

መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ስለሚቆም ፒኤቹም ኦክስጅኑም አብረው ይወርዳሉ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ያዘጋጁ፤ ቱቦውንም አስቀድመው ውሃው ውስጥ ያስገቡት።