ዘይት እየጠጣ የሚዝግ አፈሙዝ፦ የድሮ ጠመንጃ ችግርና መፍትሄ

ካዝናውም መጉረሻውም (አፈሙዙ ግርጌ ጥይቱ የሚቀመጥበት ቦታ) ባዶ መሆኑን ማየት፣ ፈቃድ ማሳደስ፣ ከተፈቀደ ቦታ ውጭ አለመተኮስ፤ ይሄን ሁሉ ታውቁታላችሁ ብዬ አልፈዋለሁ። ሐረርና ድሬ ውስጥ ከአያት የወረደ ጠመንጃ ያለው ሰው ዛሬም አለ። ምንሽር፣ ቤልጅግ፣ የጣሊያኑ 91፣ የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ። ብረታቸው አይታማም። የሚታማው አያያዙ ነው።

ችግር፦ ዘይት ይቀባል፣ ውስጡ ግን ዝጓል፤ ጥይቱም ኢላማ ላይ ይበታተናል

እኔ ጋ የሚመጣው ጠመንጃ አብዛኛው በዚህ የታመመ ነው። ባለቤቱም ሁሌ ይምላል፦ «እኔ እኮ በየሳምንቱ ነው ዘይት የምቀባው!» አምነዋለሁ። ግን ዘይቱ አያድነውም።

ጥፋቱ የጥይቱ ነው። የድሮ የጦር ጥይት ቂጥ ላይ ያለችው ካፕሱል ውስጥ ብዙ ጊዜ ፖታሲየም ክሎሬት አለ። ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ ይሆናል፤ የወጥ ጨው የቅርብ ዘመድ ማለት ነው። ሐምሌ ላይ ሐረር ውስጥ የጨው ዕቃ ክፈቱና እዩት፣ ረጥቦ ተጣብቋል። አፈሙዙ ውስጥ የቀረውም ጨው እንደዚያው ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ጨው ደግሞ በዘይት አይሟሟም። ስለዚህ ዘይት ስትቀቡ ጨውን ሸፈናችሁት እንጂ አላወጣችሁትም። ናፍጣም ቤንዚንም ላምባም ያው ናቸው። የሚያወጣው ውሃ ነው።

ድሬ ደረቅ ስለሆነች ነገሩ ቶሎ አይታወቅም። አንድ የከዚራ ሰው በበጋ ተኩሶበት፣ በናፍጣ ወልውሎ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠውን ሊ ኤንፊልድ ክረምት ላይ ወደ ሐረር ይዞት ወጣ። ነጭ ጨርቅ ብሰድበት ብርቱካንማ ሆኖ ወጣ። «ዘይቱ የሐሰት ነው» ብሎ ነጋዴውን ሊከስ ነበር! አንድ ሽማግሌ ደግሞ ውሃ ሳፈላ አይተው «ልጄ፣ ብረት በውሃ ይታጠባል እንዴ?» አሉኝ። አባባ፣ የእንግሊዝ ወታደርም እኮ የፈላ ውሃ ነበር የሚያፈስበት።

መፍትሄ፦ በተኮሳችሁበት ቀን፣ ነገ ሳትሉ፣ መቀርቀሪያውን አውጡ። አፈሙዙን ወደ ታች ዘቅዝቁ። ባለቀጭን አፍ ማንቆርቆሪያ ይዛችሁ የፈላ ውሃ በመጉረሻው በኩል አፍስሱ። እንጨቱን በጨርቅ ሸፍኑት፤ እጃችሁንም ጠብቁ፣ ብረቱ ይፋጃል። መፋጀቱ ጥሩ ነው፣ ቶሎ ያደርቀዋል። ከዚያ የቀረው እርጥበት እስኪያልቅ ደረቅ ጨርቅ ደጋግማችሁ ስደዱ። መጨረሻ ላይ የስፌት መኪና ዘይት፣ ስስ አድርጋችሁ። የመቀርቀሪያው ፊትና የመርፌው ጫፍም ጨው ስለሚይዙ በፈላ ውሃ እጠቧቸው፣ አድርቁ። በማግስቱ ነጭ ጨርቅ ስደዱ። ብርቱካንማ ከወጣ እንደገና ከውሃው ጀምሩ።

ጥይቱ ጨዋማ መሆኑን በምን ልወቅ? አትድከሙ። የድሮ የጦር ጥይት ከሆነ ጨው አለው ብላችሁ እጠቡ። አሜሪካ ሠራሹ የካርባይን ጥይት ግን ከዚህ ነፃ ነው።

እባካችሁ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉ። የድስት ሽቦም አታስገቡ። ሽቦ ዘንግ ላይ ጠምጥሞ፣ ዘንጉን መሰርሰሪያ ላይ ገጥሞ ያሽከረከረ ሰው አጋጥሞኛል። ጥይቱን የሚያሽከረክረው የውስጥ መስመር ጠፍቶ ቧንቧ ሆኗል፤ እሱን ማንም አይመልሰውም። ሱቅ የሚሸጡት በብሎን የሚቀጣጠሉ የአሉሚኒየም መወልወያ ዘንጎችም ገንዘብ መጣያ ናቸው። መሃል ላይ ተቆርጠው ይቀራሉ። ደህና የብረት ዘንግ አሠሩ፣ ከኋላ በኩል አስገቡ። ከፊት እየሰደዳችሁ የአፈሙዙን ከንፈር ከበላችሁት፣ ውስጡ መስታወት ቢመስልም ጥይቱ ይበታተናል። ውስጡ ትንሽ ተቦርቡሮ ከንፈሩ ደህና የሆነ ግን ብዙ ጊዜ ቀጥ አድርጎ ይመታል። ስለዚህ ከመሸጣችሁ በፊት ከንፈሩን እዩ።

ችግር፦ ቃታው ይሳባል፣ ጥይቱ አይፈነዳም

መጀመሪያ አፈሙዙን ከኢላማው ሳታነሱ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለ። ከዚያ አውጥታችሁ ካፕሱሉን እዩ። ምልክቱ ጥልቅ ከሆነ ጥይቱ ሞቷል። ስስ ከሆነ መቀርቀሪያው ውስጥ የዓመታት ግራሶ ደርቋል ወይም ሞላው ደክሟል። ፈታችሁ በላምባ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ዘይት ጠብ አድርጉ። መጉረሻውንና ጥይቱን ግን ዘይት እንዳታስነኩ! ዘይት ከነካው ቀለሁ የመጉረሻውን ግድግዳ ሳይዝ መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ይገፋል።

ችግር፦ የጣሊያኑ 91 ከካዝናው ጥይት አያነሳም

ክሊፑ የለም። ስድስት ጥይት የሚይዘው ክሊፕ ከሌለ አንድ በአንድ ማጉረስ ነው። የመጨረሻው ጥይት ሲጎርስ ክሊፑ ከታች ባለው ቀዳዳ ይወድቃል፤ ቀዳዳውን «አቧራ ይገባል» ብላችሁ አትድፈኑ። በነገራችን ላይ ሐረር ውስጥ የድሮ ጠመንጃ ሁሉ «ራምቦ ያመጣው» ይባላል፤ ሐረር የኖረውን ፈረንሳዊ ገጣሚና ነጋዴ ማለታቸው ነው። ራምቦ ለምኒልክ ጠመንጃ የሸጠው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው፤ ይሄኛው ሞዴል ደግሞ የ1891 ነው።

ችግር፦ ሰደፉ ተሰነጠቀ

የድሬ ሙቀት ነው። ብሎኖቹን አጥብቁ፣ የተልባ ዘይት ቀቡት።

ችግር፦ ቀለሁ ወገቡ ላይ ይሰነጠቃል ወይም ለሁለት ይቆረጣል

አቁሙ፣ ሌላ ጥይት አትተኩሱ። ሊ ኤንፊልድ ላይ ብዙ ጊዜ የማየው የሌላ ጠመንጃ መቀርቀሪያ ተገጥሞ ነው። የመቀርቀሪያው ቁጥርና የጠመንጃው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ቁጥር 4 የሚባለው ሞዴል የመቀርቀሪያ ራሱ ከ0 እስከ 3 በልክ ይለያያል፤ ትክክለኛውን የሚመርጠው መለኪያ ያለው ባለሙያ ነው። «ገባ፣ ተዘጋ፣ ይሠራል» የሚል ጠጋኝ ካጋጠማችሁ ጠመንጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።