ፍላሹ «በሥራ ላይ ነው» ተብሎ አልወጣ ሲል

ደሴ ፒያሳ ባሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ይህ የየቀኑ ችግር ነው። ደንበኛ ፍላሽ ይሰጣል፣ ሲቪው ይታተማል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ «በሥራ ላይ ነው» ብሎ አላወጣም ይላል። ወረፋው ይረዝማል፣ ፍላሹም ተነቅሎ ይሰጣል። እባካችሁ አትንቀሉት። የያዘው ነገር አለ፤ ማን እንደሆነም ማወቅ ይቻላል። የምጽፈው ለሊኑክስ ተጠቃሚዎች ነው።

ምልክት፦ ዩማውንት (ፍላሹን ከሲስተሙ የሚያላቅቀው ትዕዛዝ) ስትሉ «ታርጌት ኢዝ ቢዚ»፣ ማለትም «በሥራ ላይ ነው» ይላል።

ምክንያት፦ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ለእያንዳንዱ ዲስክና ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ስንት ጊዜ እንደተከፈተ የሚይዝ ቆጣሪ አለው። ሲከፈት 1 ይጨምራል፣ ሲዘጋ 1 ይቀንሳል። ማውንት ማድረግም (ፍላሹን ከአንድ ፎልደር ጋር አያይዞ ለአገልግሎት ማዘጋጀት) እንደ መክፈት ይቆጠራል። በዚያ ላይ ከፍላሹ የተከፈተ ፋይል ሁሉ ማውንቱን አስሮ ይይዘዋል። ፋይል ባይከፈት እንኳ ተርሚናላችሁ ፍላሹ ውስጥ ያለ ፎልደር ላይ ከሆነ ይበቃል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው።

መፍትሄ፦ ፍላሹን የያዘውን ፕሮግራም የሚያሳየውን ትዕዛዝ «ፊዩዘር»ን በ«ቪ» እና በ«ኤም» አማራጮች፣ የፍላሹን ፎልደር ሰጥታችሁ አስኪዱት። ሱዶ (ትዕዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬደው) አትርሱ፤ ያለሱ የሌላ ተጠቃሚ ፕሮግራም አይታይም። «ከርነል» የሚለው መስመር ማውንቱ ራሱ ስለሆነ አያስደንግጣችሁ። ትንሿ «ሲ» ካለች ፕሮግራሙ እዚያ ፎልደር ላይ ነው፤ ከዚያ መውጣት ብቻ በቂ ነው። ትልቋ «ኤፍ» ካለች ግን ለመጻፍ የተከፈተ ፋይል አለ። ሴቭ አድርጋችሁ ዝጉት እንጂ ፕሮግራሙን በግድ አትግደሉት። የሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል።

ዩማውንትን በ«ኤል» አማራጭ ተጠቀሙ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ማውንቱ ከዓይን ይጠፋል እንጂ የያዘው ፕሮግራም እስኪለቅ ድረስ በሕይወት አለ፤ መጻፉም ሊቀጥል ይችላል።

ምልክት፦ በ«ፊዩዘር» ዝርዝር ውስጥ ምንም ፕሮግራም የለም፣ ዲስኩ ግን አሁንም ቢዚ ነው።

የያዘው ፕሮግራም ሳይሆን ከርነሉ ራሱ ሊሆን ይችላል፦ ስዋፕ (ሜሞሪ ሲጠብ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ)፣ ኤልቪኤም (ዲስኮችን አቀናጅቶ የሚከፋፍል)፣ ሉፕ ዲቫይስ (እንደ ዲስክ የሚታይ ፋይል)፣ ወይም ከላዩ የተደረበ ሌላ ማውንት። ዲስኮችን የሚዘረዝረው ትዕዛዝ «ኤልኤስቢኤልኬ» አብዛኛውን በዛፍ መልክ ያሳያል። ከላይ ያለውን አስቀድማችሁ ዝጉ።

ምልክት፦ ፍላሹ ተነቅሎ ሲመለስ ሊኑክስ የሰጠው ስም ኤስዲቢ የነበረው ኤስዲሲ ሆነ።

የድሮውን ስም አሁንም የያዘ ፕሮግራም ወይም ማውንት አለ። እሱን ዝጉ፣ የቀረውን ማውንት አንሱ፣ ከዚያ ፍላሹን እንደገና ሰኩ።

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆናችሁ የራሳችሁን የዲስክ ድራይቨር (ከርነሉን ከዲስኩ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ለምትጽፉ ደግሞ አንድ ሌላ ምልክት አለ፦ ሁሉ ነገር ተዘግቶ በድራይቨራችሁ ውስጥ ያስቀመጣችሁት የራሳችሁ ቆጣሪ 0 አይደርስም። መጀመሪያ ዲስኩ ሲከፈት የሚጠራውን «ኦፕን» ፈንክሽናችሁን እዩ። ቆጣሪውን ጨምሮ ከዚያ ስህተት ከመለሰ፣ ከርነሉ ሲዘጋ የሚጠራውን «ሪሊስ» ፈንክሽን አይጠራም፤ የተጨመረው 1 እዚያው ይቀራል። መጨመሩን ሁሉም ነገር ከተሳካ በኋላ አድርጉት፣ ወይም በስህተቱ መንገድ ላይ መልሳችሁ ቀንሱ።

ከዚህ የሚከፋው ቆጣሪው 0 መሆኑን አይቶ ዲስኩን ማጥፋት (ከሲስተሙ ማስወገድ) ነው። በማየቱና በማጥፋቱ መካከል ሌላ ፕሮግራም ሊከፍተው ይችላል። ስለዚህ ማየቱና «እየጠፋ ነው» ብሎ ምልክት ማድረጉ በአንድ ሎክ (በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ እንዲሠራ የሚያደርግ ቁልፍ) ሥር ይሁኑ። «ኦፕን»ም ያንኑ ሎክ ይዞ ምልክቱን ይፈትሽ፤ ካገኘው አይክፈት።