የሚንቀሳቀሰው ሥዕል አልንቀሳቀስ ሲል

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተር ቤቴ በመምህራን ይሞላል። ሰኞ ክፍል የሚያሳዩትን፣ ፎቶ በፎቶ አገጣጥመው የሠሩትን የሚንቀሳቀስ ሥዕል (ጂፍ) ይዘው ይመጣሉ። አብዛኞቹን የሚያመጣቸው ችግር አንድ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ሥዕሉ ስላይድ ላይ ድርቅ ይላል

ስልክ ላይ ይንቀሳቀሳል። ፓወርፖይንት ውስጥ ሲገባ ግን ይቆማል፣ ወይም ጥቁር ሳጥን ይሆናል። መጀመሪያ ኤፍ5 ተጫኑ፤ ስላይድ ሾው ሳይከፈት ቆሞ ቢታይ አትደንግጡ። ያኔም እምቢ ካለ ጥፋቱ የፓወርፖይንት ሳይሆን የቴሌግራም ነው።

ቴሌግራም የላካችሁበትን ጂፍ ድምፅ አልባ ኤምፒ4 ቪዲዮ ያደርገዋል። ጥግ ላይ «ጂፍ» ብሎ ስለሚለጥፍበት ማንም አይጠረጥርም። ሲወርድ ግን እጃችሁ የሚገባው ቪዲዮ ነው። የ2007ቱ ፓወርፖይንት ኤምፒ4 አያውቅም። አዲሱም ቢሆን ካልነኩት አይጀምርም፣ አንዴ ሄዶም ይቆማል።

አንዲት የሁለተኛ ክፍል መምህርት የቡናን ፍሬ በሰባት ሥዕል ሠርተው ነበር። ነጭ አበባ፣ አረንጓዴ ፍሬ፣ ቀይ ፍሬ። ዛፉ ላይ ስምንት ዘጠኝ ወር የሚፈጀው ነገር በአራት ሰከንድ ያልቃል። ቆንጆ ሥራ ነበር። ከስልካቸው ወደ ላፕቶፑ በቴሌግራም ላኩት። ክፍል ሲከፈት አበባው አበባ ሆኖ ቀረ። «ቲቸር፣ መቼ ነው የሚቀላው?» አለ አሉ አንዱ። መልሰው ላኩት፤ ያው ነው። በመጨረሻ ስክሪንሾት አንስተው እኔ ጋ መጡ። ስክሪንሾት እኮ አንድ ፎቶ ነው፤ ምኑን ላንቀሳቅሰው? ደግነቱ ሰባቱም ሥዕሎች ስልካቸው ላይ ነበሩ።

መፍትሔው ገመድ ወይም ፍላሽ ነው። የግድ በቴሌግራም ከሆነ ፋይሉን በዚፕ ጠቅልላችሁ ላኩ፤ ዚፕ ውስጥ ያለውን አይነካውም። ከዚያ የፋይሉን ኤክስቴንሽን (ከስሙ ቀጥሎ ከነጥቡ በኋላ ያለውን) እዩ። ዊንዶውስ ደብቆት ከሆነ ቪው ውስጥ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን አብሩት። ኤምፒ4 ካለ ስሙን ብቻ ቀይራችሁ ጂፍ አትበሉት። ፍየልን በግ ብለው ቢጠሯት ላት አታወጣም። ዋናዎቹን ሥዕሎችም አታጥፉ። «ስልኬ ሞላ» ብሎ አጥፍቶ የሚመጣ ሰው አለ፤ ለእሱ እኔም መድኃኒት የለኝም።

ስላይዱን ፒዲኤፍ አድርጎ የሚመጣም አይጠፋም። እዚያ ውስጥ የሚቀረው አንድ ፍሬም (ከሥዕሎቹ አንዷ) ብቻ ነው።

ሥዕሉ ይዘላል፣ ይብለጨለጫል

መዝለሉ ስልኩን በእጅ ይዞ ፎቶ ያነሳ ሰው ሥራ ነው። የጅማ በርጩማ እያለ ማቆሚያ አትግዙ። ባለሦስት እግሩን በርጩማ ገልብጡት። በእግሮቹ መሃል ደብተር አድርጉና ወረቀቱን በላዩ አንጥፉ። ሁለቱ እግሮች ላይ ማስመሪያ አጋድሙ፣ ስልኩን ካሜራው ወደ ታች እንዲያይ አድርጋችሁ በፕላስተር እሰሩት። ወረቀቱም አንዴ ከተለጠፈ አይነካም።

ብልጭታው ከደመናው ነው። የጅማ ሰማይ መቼ ይታመናል? ፀሐይ በገባች በወጣች ቁጥር ካሜራው ራሱ ብርሃኑን ያስተካክላል፣ አንዱ ፍሬም ይጠቁራል፣ አንዱ ይነጣል። ስክሪኑን ተጭናችሁ ቆዩ፤ አብዛኛው ስልክ ብርሃኑንና ፎከሱን ይቆልፋል። የካሜራውንም ፍላሽ መብራት አጥፉ።

ጉማሬው ሁለት አፍ አወጣ

የቦዬን (የጅማን ረግረግ) ጉማሬ ከውኃ ሲወጣ የሳለ መምህር ይህ ገጠመው። አፉ ሲከፈት የተዘጋውም አልጠፋም። ጂምፕ (ሥዕሎቹን የምናገጣጥምበት ፕሮግራም) ላይ ሌየሮቹ (የተደራረቡት ሥዕሎች) ባዶ ጀርባ ካላቸውና «ኩሙሌቲቭ» ከተመረጠ የድሮው ሥዕል ከሥር ይቀራል። ጂፍ አድርጋችሁ ኤክስፖርት ስታደርጉ «ዋን ፍሬም ፐር ሌየር» የሚለውን ምረጡ። «አዝ አኒሜሽን» የሚለው ላይ ምልክት ከሌለ ደግሞ ጭራሽ አይንቀሳቀስም።

ቶሎ ያልፋል፣ ወይም አንዴ ሄዶ ይቆማል

ጂምፕ ሳትነኩት ለአንድ ፍሬም 100 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ አንድ አሥረኛ) ይሰጣል። ለሩጫ ይሆናል፤ ለተረት ግን ልጆቹ ምኑንም አያዩትም። ከ500 እስከ 700 አድርጉት። የመጨረሻዋን ሥዕል እስከ 2000 አቆዩዋት፣ ልጆቹ የሚጠይቁት እሷ ላይ ነው። እንዲደጋገም «ሉፕ ፎርኤቨር» የሚለው ይብራ።

ታሪኩ ከመጨረሻው ከጀመረ ሌየሮቹ ተገልብጠዋል፤ ጂምፕ የሚያጫውተው ከታች ወደ ላይ ነው።

ፋይሉ ከብዶ ይንቀራፈፋል

ፎቶው ወርዱ 4000 ፒክስል ሆኖ ነው እንዳለ የገባው። ወደ 640 አሳንሱት፤ ለክፍል ግድግዳ ይበቃል።

የሰው ፊት ፎቶ ነጠብጣብ ከሆነ፣ ምክንያቱ ጂፍ ለአንድ ፍሬም ከ256 ቀለም በላይ አለመያዙ ነው። በከለር የተሳለ ሥዕል ግን ምንም አይሆንም።

ፋይል የምታመጡበት ፍላሽ ሾርትከት ብቻ ካሳየ ቫይረስ ነው። ፎርማት አታድርጉት፣ ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቀው ውስጡ አሉ። እንዳለ አምጡት፤ ግን እባካችሁ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አይሁን።