ኮምፒውተር ሳይንስን ሲያስረዱ ከእነዚህ ስህተቶች ይጠንቀቁ

ከዜሮና ከአንድ አይጀምሩ። አድማጩ የመጣው ኮምፒውተር አንድን ስም ከሚሊዮኖች መካከል እንዴት ፈጥኖ እንደሚያገኝ ሊሰማ ነው፤ እርስዎ ግን ቁጥር ወደ ሁለትዮሽ ሲያስለውጡት ጊዜው ያልቃል።

ሰውየውን ተመልካች አያድርጉት። የፍለጋን ሐሳብ በሥዕል ከማሳየት ይልቅ ከ1 እስከ 1,000,000 ካሉት ቁጥሮች አንዱን በልቡ እንዲይዝ ያድርጉና ይጠይቁት፦ ከ500,000 ይበልጣል? አይበልጥም ካለ፣ ከ250,000ስ? በየመልሱ ከቀሩት ቁጥሮች ግማሹ ይወድቃል፤ ከ20 ጥያቄ ሳያልፉ ቁጥሩን ያገኙታል። ከዚያ ተራው የእሱ ይሁን። አብዛኛው ሰው ሁልጊዜ መሐሉን መምረጥ ለምን እንደሚጠቅም ማንም ሳይነግረው ይደርስበታል። ጀማሪዎች የሚዘነጉት ግን ዘዴው የሚሠራው ነገሩ በቅደም ተከተል ሲደረደር ብቻ መሆኑን መናገር ነው።

አልጎሪዝምን፣ ማለትም ኮምፒውተር ደረጃ በደረጃ የሚከተለውን የሥራ ቅደም ተከተል፣ ከምግብ አሠራር መመሪያ ጋር ማመሳሰል የተለመደ ነው፤ አልቃወምም። ሆኖም መመሪያው «ጨው በመጠኑ» ሲል አብሳዩ ይገባዋል፣ ኮምፒውተር ግን «በመጠኑ» የሚባል ነገር አያውቅም። ዋናው ቁም ነገር ይህ ልዩነት ሆኖ ሳለ ብዙዎች ምሳሌውን ብቻ ተናግረው ያልፋሉ።

አሁን ትዕግሥቴን ወደሚያስጨርሰኝ፣ እንደ አቶም ያሉ ጥቃቅን ነገሮች በሚገዙበት የፊዚክስ ሕግ ስለሚሠራው ኳንተም ኮምፒውተር ወደሚባለው ልምጣ፦ «ኳንተም ኮምፒውተር መልሶችን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሞክራል።» ይህን የሰማ አንድ ኃላፊ የሠራተኞቹን የፈረቃ ድልድል በኳንተም ለምን እንደማንሠራለት በቁጣ ጠይቆኛል። በእሱ አልፈርድም፤ የነገሩት ይህንኑ ነው። ማሽኑን መልስ ለማንበብ ሲለኩት የሚሰጠው አንድ ውጤት ብቻ ነው፣ ያም በዕድል። ነገሩ ሁሉንም መሞከር ብቻ ቢሆን ኖሮ በግምት ከመመለስ አይሻልም ነበር። ጥበቡ የተሳሳቱት መልሶች እርስ በርስ እንዲጠፋፉ፣ ትክክለኛው ደግሞ እንዲጎላ ማድረግ ነው፤ ይህም ለሁሉም ችግር አይሆንም። የሒሳብ ሊቁ ፒተር ሾር እ.ኤ.አ. በ1994 ትልልቅ ቁጥሮችን ወደ አካፋዮቻቸው ለመበተን ተጠቀመበት። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሎቭ ግሮቨር እ.ኤ.አ. በ1996 ያቀረበው የፍለጋ ዘዴ ደግሞ ካልተደረደሩ 1,000,000 ነገሮች አንዱን ለማግኘት በአማካይ 500,000 ጊዜ ማየት የሚጠይቀውን ሥራ ወደ 800 ገደማ ያወርደዋል። ከዚያ እጅግ ያነሰ እንደማይቻልም በሒሳብ ተረጋግጧል። ትልቅ ግኝት ነው፤ «በአንድ ጊዜ» ግን የት አለ?

ሌላው «ፈጣን ኮምፒውተር ሲመጣ ይፈታል» የሚለው ማጽናኛ ነው። ከተሞችን ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ጎብኝቶ ወደ መነሻው የሚመልሰውን አጭሩን መንገድ እንፈልግ። በሴኮንድ 1 ቢሊዮን መንገድ የሚፈትሽ ማሽን ሁሉንም በየተራ ቢያይ ለ15 ከተሞች 44 ሴኮንድ ያህል ይበቃዋል። ለ20 ከተሞችስ? መልሱን ከመናገርዎ በፊት አድማጩ ይገምት፤ ደቂቃዎችን የሚጠራ ይበዛል። ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ማሽኑን በ10 እጥፍ ቢያፈጥኑትም አንድ ከተማ ሲጨመር ያተረፉት ጊዜ ሁሉ ይበላል።

ይህን ተናግረው «ስለዚህ አይፈታም» ብለው የሚደመድሙም አሉ። ተሳስተዋል። ሁሉንም በየተራ ማየት የማያስፈልጋቸው ዘዴዎች አሉ፤ የ85,900 ነጥቦች አጭሩ ዙር ተገኝቶ ከዚያ የሚያጥር እንደሌለ እ.ኤ.አ. በ2006 ተረጋግጧል።