አሰልጣኙ ይቆይ ወይስ ይሰናበት? የእግር ኳስ ክለብ ቦርድ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት የሚሠራው ሥራ

ሦስት ተከታታይ ሽንፈት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ከአሥር ጨዋታ አራቱን የሚሸነፍ፣ በሰንጠረዡ ወገብ ላይ የሚኖር ቡድን፣ 38 ጨዋታ ባለው የውድድር ዘመን ቢያንስ አንድ ጊዜ ሦስት በተከታታይ የመሸነፍ ዕድሉ 80 በመቶ ገደማ ነው። ያውም ማንም ሳይጎዳ፣ ማንም ሳያኮርፍ፣ እንዲሁ እንደ ዕጣ። ስለዚህ ከሽንፈት በኋላ ባሉት 48 ሰዓታት ስብሰባ አትጥሩ። በእነዚያ ሰዓታት የሚነገረው ሁሉ ስለ መጨረሻው ጨዋታ ብቻ ነው።

ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውም አይለወጥም። ውድቀቱ እውነተኛ ነው ወይስ የነጥብ ብቻ? እውነተኛ ከሆነ ምክንያቱ አሰልጣኙ ነው? እሱ ከሆነ፣ ዛሬ ልናገኘው የምንችለው ሰው በቀሩት ጨዋታዎች ይሻላል? ብዙ ቦርዶች ሁለተኛውን ይዘሉታል፤ ሦስተኛውን ደግሞ ካሰናበቱ በኋላ ነው የሚያነሱት።

ነጥቡን ተዉትና ዕድሎቹን ቁጠሩ

ያለፉትን 10 ወይም 12 የሊግ ጨዋታዎች ውሰዱ። ከዚያ ካነሰ አንድ ቀይ ካርድ ወይም አንድ የግብ ጠባቂ ስህተት ሥዕሉን ያበላሸዋል። በጣም ከበዛ ደግሞ ዛሬ የሌለ ቡድን እየመዘናችሁ ነው። ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ መስመር ይበቃል፦ የተጋጣሚው ደረጃ፣ በሜዳ ወይስ ከሜዳ ውጭ፣ ከቋሚ አሰላለፍ የጎደሉት፣ ቀይ ካርድ ካለ የታየበት ደቂቃ፣ የሁለቱም ቡድኖች የሚጠበቁ ግቦች፣ ማለትም ኤክስጂ (የእያንዳንዱ ምት ግብ የመሆን ዕድል ተደምሮ)። ፍጹም ቅጣት ምትን ለብቻው አውጡት። አንዱ ብቻ 0.78 ገደማ ስለሚመዝን በጥቂት ጨዋታዎች ድምር ላይ ሚዛኑን ያጋድለዋል።

ለሊጋችሁ ኤክስጂ የሚያዘጋጅ ከሌለ ቪዲዮ ይበቃል። ሁለት ሰዎች ተለያይተው ተቀምጠው ግልጽ ዕድሎችን ይቁጠሩ፦ ከግብ ጠባቂው ጋር አንድ ለአንድ መገናኘት፣ ከትንሿ ሳጥን ውስጥ የተመታ ኳስ፣ ባዶ ግብ። ከ25 ሜትር የተመታው አይቆጠርም፤ ስታዲየሙ በሙሉ ቢነሳለትም። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ጨዋታ ላይ ከሁለት ዕድል በላይ ከተለያዩ ተገናኝተው እንደገና ይዩት። ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው አንደኛው የተደረበ ኳስ ቆጥሮ፣ ሌላው ሳይቆጥረው ነው።

አሁን ያለፉትን 10 ጨዋታዎች ከእነሱ በፊት ከነበሩት 10 ጋር አስተያዩ። ቡድኑ በኤክስጂ ከተጋጣሚዎቹ በአማካይ በጨዋታ በ0.3 ይበልጥ ከነበረና አሁን በ0.4 የሚያንስ ከሆነ ውድቀቱ እውነተኛ ነው። ሚዛኑ እንደነበረ ሆኖ ነጥቡ ብቻ ከራቀ ግን ተጠርጣሪዎቹ ግብ ጠባቂው፣ የአጥቂዎቹ አጨራረስና ዕድል ናቸው። አሰልጣኝ መቀየር አንዳቸውንም አያክምም። የ2014/15 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የቦሩሲያ ዶርትሙንድ ነገር እንዲህ ነበር። የየርገን ክሎፕ ቡድን የመጀመሪያውን ዙር 17 ጨዋታ በ15 ነጥብ ጨረሰ፤ በየካቲት መጀመሪያም ከሰንጠረዡ ግርጌ ተቀመጠ። የሚፈጥራቸው ዕድሎች ግን የወራጅ ቡድን አልነበሩም። ክለቡ ታገሠ፣ ዓመቱንም 7ኛ ሆኖ ጨረሰ። ክሎፕ በዓመቱ መጨረሻ የሄደው በራሱ ፈቃድ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

ብዙ ጊዜ መስጠት ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው፤ አብዛኛው ስህተትም የሚሠራው እዚሁ ነው። ደመወዝ ዘግይቶ፣ ሁለት አጥቂ ተሽጦ ምትክ ሳይመጣ፣ የልምምድ ሜዳው ሳይጠገን አሰልጣኙን መጠየቅ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው። ከሁሉ በፊት ቦርዱ የራሱን ዝርዝር ይጻፍ፦ የተከፈለና ያልተከፈለ ደመወዝ፣ አሰልጣኙ ጠይቆ ያላገኘው ተጫዋች፣ ሳይጠይቅ የተገዛለት ተጫዋች፣ የተጎዱት ብዛትና የጉዳቱ ዓይነት። የመጨረሻው በጥንቃቄ ይታይ። በግጭት የተሰበረ እግር የማንም ጥፋት አይደለም። የታፋ ጡንቻ ጉዳት በአንድ ወር ውስጥ አምስት ተጫዋች ላይ ከደረሰ ግን የልምምዱ ጫና መፈተሽ አለበት፤ ያ ደግሞ የአሰልጣኙና የአካል ብቃት ባለሙያው ሥራ ነው።

ቀጥሎ ቪዲዮውን ድምፁን አጥፍታችሁ፣ ከተቻለ ሙሉ ሜዳውን በሚያሳይ ካሜራ ተመልከቱ። ኳሱን ሳይሆን ኳስ ከተነጠቀ በኋላ ያሉትን አምስት ሰከንዶች ነው የምታዩት። በተጋጣሚ ሜዳ ኳስ የተነጠቀባቸውን 20 አጋጣሚዎች ምረጡ። ለኳሱ የሚቀርቡት ሁለት ተጫዋቾች ስንት ጊዜ ወዲያው ዞረው ሮጡ? ስንት ጊዜ እጃቸውን ዘርግተው ዳኛውን አዩ? በዓመቱ መጀመሪያ ከ20 አሥራ አምስቱን ይሮጡ የነበሩ ልጆች አሁን ስድስቱን ብቻ ከሮጡ፣ ወይ ደክመዋል ወይ ማመን ትተዋል። ሁለቱን የሚለየው ሰዓቱ ነው። እስከ 60ኛው ደቂቃ ሮጠው ከዚያ ከቆሙ ድካም ነው፤ ከ5ኛው ደቂቃ ጀምሮ ካልሮጡ ሌላ ነገር አለ።

የቆሙ ኳሶችም አይዋሹም። በማዕዘን ምት አንድ ዓይነት ግብ፣ ለምሳሌ ምቱ ለተመታበት ማዕዘን በሚቀርበው የግብ ቋሚ በኩል ተገጭቶ ወደ ኋላ የሚሄድ ኳስ፣ በአሥር ጨዋታ ሦስት ጊዜ ከተቆጠረባችሁና ቅርቡን ቋሚ የሚጠብቀው ተጫዋች ካልተቀየረ፣ እዚያ ላይ አሰልጣኙ ወይም ኃላፊነቱን የሰጠው ረዳት ሥራውን አልሠራም።

ከዚያ ወደ መልበሻ ክፍል። አምበሉን ብቻ ጠርቶ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ የተለመደ ስህተትም ነው። አምበሉ ከአሰልጣኙ ጋር ወይ ወዳጅ ነው ወይ ተቀናቃኝ። ስድስት ሰው በተናጠል አነጋግሩ፦ ሁልጊዜ የሚሰለፍ፣ ተጠባባቂ፣ ወጣት፣ ጉዳት ላይ ያለ፣ አምበሉ፣ ስድስተኛው ደግሞ ፊዚዮቴራፒስቱ። ከጥያቄ ሁሉ የማይረባው «አሰልጣኙን እንዴት ታየዋለህ?» የሚለው ነው፤ የማይሰለፍ ሁሉ መልሱ ይታወቃል። ይልቅ ሥራቸውን ጠይቁ፦ «የእነሱ የመስመር ተከላካይ ኳስ ሲይዝ ማን ነው የሚወጣበት? አንተ ያኔ የት ነህ?»

ለዚህ ጥያቄ በአንድ መስመር የሚጫወቱ ሦስት ልጆች ሦስት የተለያየ መልስ ከሰጡ፣ ትምህርቱ አልደረሰም ማለት ነውና ችግሩ የአሰልጣኝነት ነው። ሦስቱም አንድ መልስ ሰጥተው ሜዳ ላይ ካልሠሩት አሰልጣኙን ማመን ትተዋል፤ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፣ ብዙ ጊዜም አይመለስም። አንድ መልስ ሰጥተው፣ ሜዳ ላይም ሠርተውት ከተሸነፉ ግን የጎደለው አቅም ነው። ያ የዝውውር ጉዳይ ነው፤ ተጠያቂውም ተጫዋቹን የገዛው ሰው ነው።

የሚመጣው ማን ነው?

አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ ውጤት እንደሚሻሻል ሁሉም ያየው ነው። ነገር ግን አሰልጣኝ የሚባረረው ቡድኑ ከጉድጓዱ ወለል ሲደርስ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ መንገዱ ብዙውን ጊዜ ሽቅብ ነው። የኔዘርላንድስን ሊግ ከ1986 እስከ 2004 የመረመረ ጥናት ያገኘውም ይህንኑ ነው፤ ካሰናበቱ በኋላ ውጤት ተሻሻለ፣ ግን ተመሳሳይ ውድቀት ደርሶባቸው ሳያሰናብቱ የቀሩትም ተሻሻሉ።

ስለዚህ «ከዚህ የባሰ አይመጣም» የሚል ክርክር ስብሰባው ውስጥ ቦታ አይኑረው። ስም ይቀመጥ። ያ ሰው ሥራ ላይ ነው ወይስ ነፃ? ሊጉ የሚጠይቀውን የአሰልጣኝነት ፈቃድ ይዟል? ስንት ረዳት ይዞ ይመጣል? በሦስት ተከላካይ የሚጫወት ከሆነ እናንተ ጋ ስንት የመሐል ተከላካይ አለ? አራት ብቻ ካሉና አንዱ ከተጎዳ፣ የገዛችሁት የሚቀጥለውን ክረምት አሰልጣኝ እንጂ የዘንድሮውን አይደለም።

ቼልሲ በጥር 2021 ፍራንክ ላምፓርድን አሰናብቶ ቶማስ ቱኸልን ሲያመጣ እነዚህ ሁሉ ተሟልተው ነበር። ቡድኑ ጠንካራ፣ የቀረው ጊዜ ግማሽ ዓመት፣ ሰውየው ነፃ፣ የሚፈልገው አሰላለፍም ካሉት ልጆች ጋር የሚሄድ። ቱኸል በመጀመሪያዎቹ 14 ጨዋታዎች አልተሸነፈም፤ የተቆጠረበትም 2 ግብ ብቻ ነበር፤ በግንቦት ሻምፒዮንስ ሊግን አነሳ። ሊድስ ዩናይትድ ደግሞ በ2023 አራት ጨዋታ ሲቀረው ሳም አላርዳይስን ጠራ፤ ከአራቱ ያገኘው 1 ነጥብ ነበር፣ ወረደም። በዚያው ዓመት ሌስተር ሲቲ በሚያዝያ መጀመሪያ አሰልጣኙን ቀይሮ አብሮ ወረደ። ከስድስት ያነሰ ጨዋታ ሲቀር መቀየር የሚያዋጣው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ መልበሻ ክፍሉ የተበተነ እንደሆነ።

የቀረውን ሒሳብ በወረቀት አስቀምጡት። ከ16 ጨዋታ 12 ነጥብ ይዛችኋል፣ 38 ነጥብ ከመውረድ ያድናል ብላችሁ ታስባላችሁ እንበል። ከ22 ጨዋታ 26 ነጥብ፣ በጨዋታ 1.18፤ እስካሁን ስታገኙ የነበረው 0.75 ነው። (ዒላማውን ስትመርጡ አትስገብገቡ፤ ዌስትሃም በ2002/03 በ42 ነጥብ ወርዷል።) አሁን ስም ያስቀመጣችሁለት ሰው ይህን 0.43 ከየት እንደሚያመጣው በአንድ አንቀጽ መጻፍ ካልቻላችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ጊዜው ከተመረጠ ከሁሉ የሚሻለው የብሔራዊ ቡድን ዕረፍት መጀመሪያ ነው፤ አዲሱ ሰው አሥር ቀን ያህል ልምምድ ያገኛል። የዝውውር መስኮት በተዘጋ ማግሥት ማሰናበት ደግሞ ሰውየውን እሱ ያልመረጣቸውን ተጫዋቾች አስይዞ በር መቆለፍ ነው።

ገንዘቡን የሚያሰላው ውሉን ያነበበ ሰው ይሁን። የቀረው የውል ደመወዝ፣ የረዳቶቹ ውል፣ የአዲሱ ሰውና የረዳቶቹ ደመወዝ፣ ደግሞም እሱ የሚጠይቃቸው ተጫዋቾች፤ አራቱ ተደምረው ነው ዋጋው። የውጤት መጥፋት ብቻውን ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ተደርጎ አይወሰድም፤ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት አካሄድ ይህ ነው። ፊፋ ከ2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የአሰልጣኞች ደንብ፣ ዓለም አቀፍ ገጽታ ባለው ውል (አሰልጣኙ የሌላ አገር ሰው ሲሆን)፣ ሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው አሰልጣኝ በጽሑፍ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል። ደመወዝ ያዘገየ ክለብ አሰልጣኙን በገዛ ፈቃዱ ይሄድልኛል ብሎ ሲጠብቅ፣ ካሳውን ራሱ ላይ እያስቆጠረ ሊሆን ይችላል።

ይቆይ ካላችሁ

«ሙሉ እምነት አለን» የሚል መግለጫ አታውጡ፤ ደጋፊው የስንብት ደወል መሆኑን ያውቃል። ከአሰልጣኙ ጋር ተቀምጣችሁ ስድስት ጨዋታና ከነጥብ ውጭ የሆኑ ሁለት መለኪያዎች ተስማሙ፦ ለምሳሌ ከማዕዘን ምት የሚቆጠርብን ግብ ከአንድ አይበልጥ፣ ተጋጣሚ የሚያገኘው ግልጽ ዕድል በጨዋታ ከሁለት አይበልጥ። በምትኩ የሚፈልገውን አንድ ነገር ስጡት፤ የቆሙ ኳሶች ረዳትም ቢሆን፣ ከቡድኑ እንዲርቅ የሚፈልገው ተጫዋችም ቢሆን። መታገሥና እንዳለ መተው አንድ አይደለም። ሳውዝሃምፕተን በጥቅምት 2019 በሜዳው በሌስተር 9 ለ 0 ተሸንፎ ራልፍ ሀዘንሁትልን አላሰናበተም፤ አሰላለፉ ተቀየረ፣ ዓመቱም በ52 ነጥብ 11ኛ ሆኖ አለቀ።

ይሰናበት ካላችሁ

ውሳኔው ካለቀበት ሰዓት እስከሚነገርበት ሰዓት ያለው ጊዜ ይጠር፤ ከ12 ሰዓታት በላይ ከቆየ ወሬው ይቀድማችኋል። መጀመሪያ እሱ ራሱ፣ ፊት ለፊት፣ ደብዳቤው ተዘጋጅቶ ይስማ። ቀጥሎ ረዳቶቹ፣ ከዚያ ተጫዋቾች፣ በመጨረሻ ሕዝቡ። መግለጫው አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር የግድ መታወቅ አለበት፦ ነገ ጠዋት ልምምዱን የሚመራው ማን ነው? የልምምድ ዕቅዱ፣ የተጋጣሚ ትንተናውና የተጫዋቾች የጫና መረጃ ያለው በአሰልጣኙ የግል ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ከሆነ፣ ቅጂው ከመለያየታችሁ በፊት በክለቡ እጅ ይግባ።

ጊዜያዊ አሰልጣኝ ስትሾሙ የሚቆይበትን ቀን በደብዳቤው ላይ ጻፉ፤ የሊጉ ደንብ ያለ ከፍተኛ ፈቃድ ስንት ቀን እንደሚፈቅድም ቀድማችሁ አረጋግጡ። ሦስት ሲያሸንፍ ደጋፊው «ይሁንልን!» ማለቱ አይቀርም። ክሬግ ሼክስፒር በ2017 ሌስተርን ተረክቦ የመጀመሪያዎቹን አምስት የሊግ ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ፤ በሰኔ የሦስት ዓመት ውል ተሰጠው፣ በጥቅምት ተሰናበተ። ጊዜያዊው ሰው ለቋሚው ቦታ ይታጭ ከተባለ፣ ያ የ10 ጨዋታ ወረቀት ለእሱም ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ይሞላ።