ጀግናችሁ ሰይፍ ከመምዘዙ በፊት፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አጭር ልብ ወለድ ጽፌ ለጓደኛዬ ሰጠሁት። ጀግናዬ ሃያ ኪሎ የሚመዝን ሰይፉን በአንድ እጁ እያሽከረከረ ስድስት ሰው ይዘርራል። ጓደኛዬ አንብቦ ሲጨርስ ሳቀ። "ሰውዬው የያዘው ሰይፍ ነው ወይስ ውሃ የሞላ ጄሪካን?" አለኝ።

ተናደድኩ። ግን እውነቱን ነበር። እኔ ስለ ሰይፍ የማውቀው ሁሉ ከሰፈር ቪዲዮ ቤት የተገኘ ነው። በልጅነት የቻይና ፊልም፣ ካደግን በኋላ የቱርክ ተከታታይ ድራማ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እውነተኛው የሰይፍ ትምህርት ማንበብ ጀመርኩ። የሌሎች ጀማሪ ጸሐፊዎችን ረቂቅ ሳይም የራሴን ስህተቶች መልሼ አገኛቸዋለሁ። እነሆ። (ከኢትዮጵያ ውጪ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጄሪካኑ ስህተት

በ15ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ በሁለት እጅ ይያዝ የነበረው ረጅም ሰይፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.2 እስከ 1.6 ኪሎ ቢመዝን ነው። የጃፓኑ ካታናም በዚያው አካባቢ ነው፤ ብዙውን ጊዜ እንዲያውም ይቀልላል። የሰው ቁመት የሚያክሉት የጀርመንና የስዊዝ ሰይፎች እንኳ ብዙዎቹ ከ2 እስከ 3.5 ኪሎ ናቸው። ደግሞ ክብደቱ ወደ እጀታው ያደላል፤ ጫፉ ቶሎ እንዲዞር ተብሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ "ከባድ ሰይፉን በጭንቅ አነሳ" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ሰርዟት። ሰይፍ ፈጣን ነገር ነው። የሚያስፈራውም ለዚህ ነው።

ሰይፍን ለሰይፍ መሰንዘር

ፊልም ስታዩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁለቱ ተፋላሚዎች የሚመቱት አንዱ የሌላውን ሰይፍ ነው። ቻ! ቻ! ቻ! ሰውየውን ለመምታት የሚሞክር የለም። ይህ የሆነው በምክንያት ነው። ተዋናዮቹ ነገም ሥራ አለባቸው። አንድ እርምጃ ያህል ተራርቀው ይቆማሉ፣ ምቱ ቢስት እንኳ ሰው እንዳያገኝ ተደርጎ ይሰነዘራል፣ ተመልካቹ እንዲያየውም ሰፋ ብሎ ይዞራል። ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ አልንቀውም። ግን ውጊያ ሳይሆን ጭፈራ ነው።

እውነተኛው ፍልሚያ በአብዛኛው ዝምታ ነው። ሁለት ሰዎች ከምት ርቀት ውጪ ቆመው ይጠባበቃሉ። አንዱ ትንሽ ሲጠጋ ሌላው ትንሽ ይሸሻል። ከዚያ አንድ እርምጃ፣ አንድ ምት፣ አለቀ። መጀመሪያ የሚመታው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እጅ ነው፤ ለተቃራኒው ስለት ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነዋ። በልብ ወለዶቻችን ውስጥ ጣቱን ያጣ ጀግና አይቼ አላውቅም።

ስለቶቹ ሲገናኙም እንደ ፊልሙ ነጥረው አይለያዩም። ተጣብቀው ይቆያሉ። የድሮ ጀርመን መምህራን ለዚህ "ፊውለን" የሚል ቃል ነበራቸው፤ መዳሰስ፣ በእጅ መስማት እንደማለት ነው። በብረቱ በኩል የተቃራኒህን ጉልበት ታዳምጣለህ። ከገፋህ ትለቅለትና በሌላ በኩል ትመጣለህ። ከላላ በቀጥታ ትገባለህ። ትግል የገጠመ ሰው ይህ ስሜት ይገባዋል። ለጸሐፊ ደግሞ ከሃያ "ቻ!" ይልቅ ይህች አንዲት ቅጽበት ብዙ ታበላለች።

ካላመናችሁ ሁለት የመጥረጊያ እንጨት ይዛችሁ ከጓደኛችሁ ፊት ለፊት ቁሙ። አትማቱ! ርቀቱን ብቻ ለኩ። አንድ እርምጃ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ያኔ ታዩታላችሁ።

ስልትን ከሰማይ ማውረድ

በጣም የሚያናድደኝ ይህኛው ነው። "የነብር ስልት"፣ "የእሳት ስልት"፣ "የሰባተኛው ሰማይ ስልት" ይባልና ስሙ ብቻ ይቀራል። ነብሩ ምን እንደሚያደርግ አይነገረንም።

ችግሩ ስም ማውጣቱ ላይ አይደለም። ከ14ኛው ክፍለ ዘመኑ ጀርመናዊ መምህር ከዮሐንስ ሊሽተናወር በወረደው ትምህርት አራቱ ዋና አቋቋሞች ስም አላቸው። "በሬ"፣ "ማረሻ"፣ "ቂል" ይባላሉ፤ አራተኛው ሰይፉን ከትከሻ በላይ ከፍ አድርጎ መያዝ ነው። በሬና ማረሻን ለኛ ሀገር ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። በ"በሬ" እጀታው ከጭንቅላት ጎን ይሆንና ጫፉ እንደ ቀንድ ወደ ተቃራኒው ፊት ያነጣጥራል። በ"ማረሻ" እጀታው ወገብ ጋ ይወርዳል፣ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ይላል። "ቂል" ደግሞ ጫፉን ወደ መሬት ጥሎ ሞኝ መምሰል ነው፤ ና ምታኝ ማለት ነው፣ ወጥመድ ነው። ስሙን ስትሰሙ አካሉ ይታያችኋል።

ስልት ከምን እንደሚወለድ ለማየት ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የኛን ሾተል ተመልከቱ። እንደ ማጭድ የተቆለመመ ነው። ለብቻው ላየው ሰው እንዴት እንደሚዋጉበት ግራ ያጋባል። ግን ከፊቱ ክብ የቆዳ ጋሻ የያዘ ሰው አቁሙበት። ቀጥ ያለ ሰይፍ ጋሻው ላይ ይቀራል። የሾተሉ ቁልማሜ ግን የጋሻውን ጠርዝ ዞሮ ጫፉን ከጋሻው ጀርባ ያደርሰዋል። ጋሻው ጥያቄ ነበር፣ ሾተሉ መልስ ነው።

መልሱም ዋጋ ያስከፍላል። በእንዲህ ያለ ቅርጽ መመከት ያስቸግራል። ከአፎቱ መምዘዙም እንደ ቀጥታ ሰይፍ አይቀልም። ስለዚህ የመመከቱን ሥራ ግራ እጅ ላይ ያለው ጋሻ ይሠራዋል። አያችሁ? ከአንድ ቁልማሜ አንድ ሙሉ ስልት ወጣ። ጋሻ የሌለው ሰው ቢገጥመው ደግሞ ከዚያ ጥቅም ግማሹ ይጠፋል፤ ለደራሲ ጥሩ የታሪክ መነሻ ነው።

ስለዚህ የፈለጋችሁትን ስልት ፍጠሩ። የብርሃን ሰይፍም ቢሆን ይሁን። ግን ክብደት የሌለውና በሁሉም ጎኑ የሚቆርጥ ነገር የያዘ ሰው እንደ ካታና ተዋጊ ለምን እንደሚንቀሳቀስ ንገሩን። ተቃራኒው ምን ይዟል? ምን ለብሷል? ቦታው ጠባብ ኮሪደር ነው ወይስ ሜዳ? ስልቱ ከዚያ ራሱ ይመጣል።

ጥሩርን እንደ ነጠላ መቅደድ

ጎልያድ የለበሰው ጥሩር ተመዝኖ የተጻፈልን ያለ ነገር አይደለም። ብረት ያድናል። የ15ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሙሉ የብረት ልብስ በሰይፍ ስለት አይቆረጥም፤ አለቀ። ያን ዘመን የሚያሳየው ፊልም ግን አንድ ጊዜ ሰንዝሮ ባለ ጥሩሩን ከነብረቱ ይጥለዋል።

እውነተኞቹ ተዋጊዎች ምን ያደርጉ ነበር? አንድ እጃቸውን ስለቱ መሐል ላይ አድርገው ሰይፉን እንደ አጭር ጦር ይይዙታል። ብብት፣ ብሽሽት፣ የራስ ቁሩ የዓይን ቀዳዳ ይፈለጋል። ወይም ሰይፉን ገልብጠው ስለቱን በሁለት እጅ ይጨብጡና በእጀታው በኩል እንደ መዶሻ ይመቱበታል። ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ትግል ነው፤ ጣለው፣ ተጫነው፣ ጩቤ አውጣ። የብረት ልብሱም ከ20 እስከ 25 ኪሎ አካባቢ ቢሆን መላ አካል ላይ የተከፋፈለ ስለሆነ ያስሮጣል፣ ወድቆም ያስነሳል። የወደቀ ባለ ጥሩር እንደ ኤሊ አይንፈራገጥም።

ጦርን መርሳት

ይህን ስህተት የራሳችን ቋንቋ ያርመዋል። ጦርነት የምንለው ከጦር ነው። "ሰይፍነት" አላልንም። በብዙ ሀገር የሜዳው ዋና መሣሪያ ጦር ነበር፤ ሰይፍ እንደ ዛሬው ሽጉጥ ወገብ ላይ የሚንጠለጠል ሁለተኛ ነው። ሳሙራይ እንኳ ቀድሞ የሚታወቀው በቀስቱ ነበር፣ ቀጥሎ በጦሩ፤ ከ1543 በኋላ ደግሞ ጠመንጃ መጣ። ዓድዋም ላይ ጎራዴና ጋሻ ነበር፣ ግን የመቶ ሺህ ሰው ትንፋሽ ጠመንጃና መድፍ ላይ ነበር።

ተወጋ፣ ወደቀ

የተወጋ ሰው ወዲያው አይወድቅም። ሰከንዶች አሉት፣ አንዳንዴም ደቂቃዎች። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ መልሶ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የጥንት መምህራን መታሁ ብለህ አትቁም፣ ሰይፍህን ከፊትህ ሳትለይ ራቅ ይላሉ። በዛሬው የሰይፍ ስፖርት፣ ኤፔ በሚባለው የውድድር ዓይነት፣ ሁለቱ ከሰከንድ አንድ ሃያ አምስተኛ ባነሰ ልዩነት ቢነካኩ ለሁለቱም ነጥብ ይሰጣል። በተሳለ ሰይፍ ቢሆን ሁለት ሬሳ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ሰይፍ ኦሎምፒክ የገባው ከመጀመሪያው ከአቴንሱ ውድድር ጀምሮ ነው፤ ከዓድዋ ድል አምስት ሳምንት ያህል በኋላ። ሁለቱን በአንድ ወቅት አስቤያቸው አላውቅም ነበር።

ትናንሾቹ

አፎት አብዛኛውን ጊዜ እንጨትና ቆዳ ነው፤ ሰይፍ ሲመዘዝ "ሽንንን" አይልም። ረጅም ሰይፍ ከጀርባ አይመዘዝም፣ ክንዳችሁ ያልቃል። የጃፓን አንጥረኞች ብረቱን ደጋግመው ያጠፉት ምትሃት ሊያስገቡበት ሳይሆን ከብረት አሸዋ የተገኘው ብረት ቆሻሻ ስላለውና አንድ ወጥ ስላልሆነ ነው። ካታና ሌላ ሰይፍ አይቆርጥም።

ሁሉን አውቃለሁ ማለት

ትንሽ ያነበበ ሰው ሌላ በሽታ ይይዘዋል። እኔን ይዞኝ ነበር። ፊልም ሲታይ "ይኼ ውሸት፣ ያም ውሸት" እያልኩ ቤተሰቡን አስለቀስኩ። "ሁለት ሰይፍ ይዞ የተዋጋ የለም" ብዬ ተከራክሬ ጃፓናዊው ሰይፈኛ ሚያሞቶ ሙሳሺ የሁለት ሰይፍ ትምህርት ቤት መሥርቶ አገኘሁት። "ሴት ሰይፍ አልተማረችም" ስል ደግሞ ሊድስ፣ እንግሊዝ ያለው ከ1300 አካባቢ የሆነ ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ አፌን ዘጋው። በአውሮፓ እስካሁን ከተገኙት የሰይፍ ማስተማሪያዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው። መምህሩ ቄስ ነው፤ መጨረሻው ገጾች ላይ ሰይፍና ትንሽ ጋሻ ይዛ የቆመችው ቫልፑርጊስ የምትባል ሴት ናት።

ያንን ታሪኬን በኋላ እንደገና ጻፍኩት። ስድስቱ ሰዎች አንድ ሆኑ። አምስት ገጽ የነበረው ፍልሚያ ግማሽ ገጽ ሆነ፤ ግማሹም ዝምታ ነው። ጀግናዬ አሸነፈ፣ ግን የቀኝ እጁን አውራ ጣት አጣ። ለጓደኛዬ ሰጠሁት። አነበበ፣ ወረቀቱን አስቀመጠ፣ አውራ ጣቱን ጨብጦ ቆየ። "ጄሪካኑ ይሻል ነበር" አለኝ።