የሥራና የበጀት ሚኒስትሮችን አብሮ ማስቀመጥ፦ ለተማሪ ቡድኖች

ጅማ ውስጥ ኢኮኖሚክስ ሳስተምር የምወደው ልምምድ የአገሮች ኅብረት ነው። ተማሪዎቹ በአምስት ቡድን ይከፈላሉ፤ አራቱ አገር ይሆናሉ፣ አንዱ የማንም አገር ያልሆነ ኮሚሽን ይሆናል። ሥራቸው የጋራ የኢኮኖሚና የሥራ ስምሪት ፖሊሲ አቅጣጫ አውጥቶ መስማማት ነው። በራሳችሁ ልትሞክሩት ለምትፈልጉ እንዲህ ጀምሩ።

አስቀድማችሁ የአውሮፓ ኅብረት የሄደበትን መንገድ እወቁ (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እ.ኤ.አ. በ1992 የተፈረመው የማስትሪክት ስምምነት አባል አገሮች የኢኮኖሚ ፖሊሲያቸውን የጋራ ጉዳይ አድርገው እንዲያዩ አዘዘ፤ ሥራ ስምሪት ግን የራሱ ምዕራፍ አልነበረውም። ያን ያመጣው የ1997ቱ የአምስተርዳም ስምምነት ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰነድ፣ ሁለት የጊዜ ሰሌዳ ሆነ፤ የገንዘብ ሚኒስትሮች በአንድ በኩል፣ የሥራ ሚኒስትሮች በሌላ በኩል። በ2003 የጊዜ ሰሌዳዎቹን አቀራረቡ፤ በ2005 ሁለቱን አጣምረው 24 አቅጣጫዎች አወጡ፤ በ2010 ደግሞ ወደ 10 ዝቅ አደረጓቸው። እናንተ ከስድስት አትለፉ። ሚኒስትሩ በቃሉ የማያውቀውን አቅጣጫ በጀት ሲመደብ አያነሣውም።

ኮሚሽኑ ረቂቁን ይጻፍ፣ የሚያጸድቁት ግን አገሮቹ ይሁኑ። ከየአገሩ የገንዘቡና የሥራው ሚኒስትር ጎን ለጎን ይቀመጡ። አንዱ «ጉድለቱን ቀንሱ» ሌላው «ወጣቱን ቅጠሩ» ሲል ክርክሩ እዚያው መውጣት አለበት፤ በሁለት ክፍል ከተነጋገሩ ሁለቱም ተስማምተው ይወጡና ሰነዱ እርስ በርሱ ይጣላል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምትሰጡት ለመለኪያው ይሁን። በዓለም አቀፉ ትርጉም መሠረት ባለፈው ሳምንት ለክፍያ ወይም ለትርፍ አንድ ሰዓት እንኳ የሠራ ሰው ሥራ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። አሁን አጋሮ አካባቢ ኅዳር ላይ ሄዳችሁ ብትጠይቁ እሸት ቡና የሚለቅመው፣ የሚሸከመው፣ በመፈልፈያው የሚውለው ሁሉ ሥራ አለው። ሰኔ ላይ ያንኑ ቤት ብታንኳኩ መልሱ ሌላ ነው። አንዱ አገር በለቀማ ወቅት፣ ሌላው በክረምት ቢቆጥር የሁለቱ አሃዝ ጎን ለጎን ሊቀመጥ አይችልም። አውሮፓውያኑ የሠራተኛ ኃይል ጥናታቸውን ዓመቱን ሙሉ አዳርሰው በየሩብ ዓመቱ የሚያወጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላም አለ፦ በ2013 በወጣው አዲስ መስፈርት ለቤቱ ቀለብ ብቻ የሚያርስ ገበሬ በሥራ ስምሪት ውስጥ አይቆጠርም። አንዱ ቡድን በአሮጌው፣ ሌላው በአዲሱ ቢቆጥር ማንም ሰው ሥራ ሳያጣ የአንደኛው ቁጥር ያሽቆለቁላል። ስለዚህ ዒላማ ከመነሣቱ በፊት አራቱም አገሮች ትርጉሙን፣ የዕድሜ ክልሉንና የቆጠራውን ጊዜ በአንድ ገጽ ጽፈው ይፈራረሙ። ተማሪዎች ይህ ክፍል ይሰለቻቸዋል፤ እኔ ግን አላሳልፋቸውም። ከዚህ በኋላ ያለው ድርድር ሁሉ የሚቆመው በዚህ ገጽ ላይ ነው።

ዒላማው ለኅብረቱ አንድ፣ ለየአገሩ የየራሱ ይሁን። አውሮፓ በ2010 እንዲህ አደረገች፦ ከ20 እስከ 64 ዓመት ካሉት 75 በመቶው በ2020 ሥራ እንዲኖራቸው ተባለ፤ አገሮቹ ደግሞ የየራሳቸውን ቁጥር አስቀመጡ። ለ2030 የተያዘው 78 በመቶ ነው።

ቀጥሎ ሪፖርት። አገሮቹ በየዓመቱ ያደረጉትን ይጽፋሉ፣ ኮሚሽኑ መርምሮ ለየአገሩ የተለየ ምክር ያቀርባል። አውሮፓ ከ2011 ጀምሮ ይህን በአንድ ዓመታዊ ዑደት ታካሂዳለች። ምክሩን ያልተቀበለ አገር በዚያ ብቻ ቅጣት የለበትም፤ ቅጣት ያለው ከ3 በመቶ የበጀት ጉድለት ጣሪያ ጋር በተያያዘው ሌላ ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 መጀመሪያ የአውሮፓ ኅብረት የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአየርላንድ በጀት ከጋራ አቅጣጫው ጋር አይሄድም ብሎ በይፋ ወቀሰ። አየርላንድ በጀቷ ትርፍ ያለው ስለነበር ወቀሳውን አልተቀበለችም። ይህን ለተማሪዎች ስጧቸውና ከሁለቱ ወገን ቆመው ይከራከሩ፤ ቅጣት የሌለው ምክር ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ የሚገባቸው ያኔ ነው። እኔ የማምነው ጉልበቱ ጓደኛ አገሮች ፊት ለፊት ጠይቀው መልስ በመጠበቃቸው ላይ እንደሆነ ነው።

ልምምዱ ሲያልቅ ወደ ራሳችን አህጉር አምጡት። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በ2004 ዋጋዱጉ ላይ ስለ ሥራ ስምሪትና ድህነት ቅነሳ መግለጫና የድርጊት መርሐ ግብር አጽድቀዋል። ቡድኖቹ ሰነዱን አንብበው ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ ማን ሪፖርት ያቀርባል፣ በየትኛው መለኪያ፣ ማንስ ይጠይቀዋል? የጎደለ ካገኙ የጎደለውን አንቀጽ ራሳቸው ያርቅቁት፣ ሌላው ቡድን ደግሞ ይተቸው።